ቢጫዋ የጠበል ጀሪካን

ለባለቤቴ ለእናኑ፣

እናንዬ፣ ከተለየሽኝ ዓመት ሊሞላ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እንደምን ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ካንቺ ይልቅ የሚያሳስበው እኔ ያለሁበት ነው። የምጽፍልሽ ከጋሳይ፣ ከቤታችን አይደለም። ደብረ ታቦር ነኝ። መጠጥ የተውን ሰዎች አንድ ላይ የምንኖርበት ቤት ገብቼ ይኸው ሰባተኛ ሳምንቴ ነው። ተውን ስልሽ እንግዲህ ልንተው የገባን ማለቴ ነው።

ስድስት ወንዶች ነን። ቤቱን የሚጠብቀው ጋሽ ፈንታ የሚባል የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እሱም ራሱ ሰካራም ነበር። ከውጭ በተመለስን ቁጥር ደጃፉ ላይ ቆሞ አፋችንን ያሸተናል። ሽማግሌም ሆነ ጎልማሳ "ሃ በል" ነው የሚለው። የመጀመሪያው ቀን አፌን ገጥሜ ቆምኩበት። "አያ ሞላ፣ በሬ ስትገዛ ጥርሱን ታይ የለም እንዴ? እኔም የማስገባውን ልወቅ እንጂ" ብሎ ሳቀብኝ። ሃ አልኩ። የመድኃኒትና የበሰበሰ ጥርስ ሽታ ወጣ፤ እኔንም ሸተተኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንቺ የተኛሽው ከዚህ አፍ አጠገብ ነው። ያውም መድኃኒት ሳይሆን አረቄ ሲሸት።

ከጎኔ የሚተኛው ከሌላ አገር ለማስተማር መጥቶ እዚሁ የቀረ መምህር ነው። አንድ ጠዋት ተማሪዎቹ ፊት ጠረጴዛው ላይ እንዳስመለሰው ሲያወራ ቀፈፈኝ፤ ፊቴን አዞርኩበት። ፊቴን እንዳዞርኩ በልደታ ዕለት የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እኔ ያስመለስኩት ትዝ አለኝ። አመድ በሰፌድ ይዘሽ መጥተሽ፣ ሰው ከቅዳሴ ሳይወጣ አለበስሽው። አንድ ቃል አልተናገርሽኝም።

የጋሳይ ሰው እስከ ዛሬ ልብስ ሰፊው ሞላ ዓይኑ የደከመ ይመስለዋል። ክሩን መርፌ ውስጥ የምታስገቢልኝ አንቺ ነበርሽ፤ ልብስ ላመጣው ሁሉ "ዓይኑን አሞት ነው" ትዪልኝ ነበር። ዓይኔ ጤነኛ ነው። እጄ ነበር ሳልቀምስ መንቀጥቀጡን የማይተወው።

የቤቱን ልንገርሽ። የስፌት መኪናው ቆሟል፤ የጎረቤት ዶሮ እላዩ ላይ ታድርበታለች። ትርንጎ ልጃችን የድንቹን መሬት ለእኩል አራሽ ሰጥታዋለች። አጥሩ በአንድ ወገን ወድቋል። ጓሮ ያለው ጌሾ ግን ለምልሟል፤ እንደዚህ ዓመት ለምልሞ አያውቅም። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩትም ስለዚያ ጌሾ ልነግርሽ ነው።

ከጣራ ገዳም ያመጣሻትን ቢጫ ጀሪካን ታስታውሻታለሽ። ዝናብ እየወረደብሽ በነጠላ አዝለሽ፣ እንደ ልጅ ነበር የተሸከምሻት። ለክፉ ቀን ይሁነን ብለሽ አልጋው ራስጌ አኖርሻት። እጁን ሳይታጠብ የሚነካት አልነበረም፤ እኔ የመረጥኳትም ስለዚህ ነው። አንድ ቀን ገበያ ስትወርጂ ጠበሉን ጌሾው ሥር ደፋሁትና አረቄ ሞላሁባት። ውሃ የመሰለ አረቄ። ስደፋው አማትቤ ነበር። በየትኛው እጄ እንዳማተብኩ እንኳ አስታውሳለሁ፤ በአንዱ ጀሪካኗን ዘቅዝቄ፣ በሌላው አማተብኩ።

ክፉው ቀን መጣ። ሆድሽን ታመምሽ፤ ከሆስፒታልም ቤቷ ትሁን ብለው መለሱን። አንድ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ "ሞላ፣ ያንን ጠበል አቅምሰኝ" አልሽኝ። ትርንጎ እግርሽ ሥር ተቀምጣለች። የንስሐ አባታችን ዳዊታቸውን ይዘው አጠገብሽ አሉ። ለብዙ ጊዜ "ረስቼው ነው" እያልኩ ራሴን ሳታልል ከርሜአለሁ። አልረሳሁም። አልቋል ብል ትርንጎ ተነሥታ ጀሪካኗን ትነቀንቃታለች። እውነቱን ብናገር ቄሱ ይሰማሉ። ስለዚህ ቀዳሁልሽ።

አንድ ጉንጭ ያዝሽ። ዓይንሽ እንባ ሞላ። አየሽኝ። ትተፊዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ፤ ዋጥሽው። "ተመስገን" ብለሽ ኩባያውን መለስሽልኝ። አባታችንም "አሜን" አሉ።

ትርንጎ ያየችው እስከዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ ያለውን ማንም አያውቅም። ኩባያውን ይዤ ጓዳ ገባሁ። ግማሹ ቀርቷል። የከንፈርሽ እርጥበት ጠርዙ ላይ ነበር። አልደፋሁትም። እዚያው ቆሜ ጨለጥኩት፤ ጣፈጠኝም።

እናንዬ፣ ከኖርኩት ሁሉ የሚያጥወለውለኝ ይህ ነው። ማጠጣቴን በፍርሃት ላመካኘው እችላለሁ። ይህን በምን ላመካኘው? ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፤ የገደላት በሽታዋ ነው፣ አንድ ጉንጭ አረቄ አይደለም ብሎኛል። እንዲያጽናናኝ ነበር የነገረኝ፤ አላጽናናኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፍሽ። በእነዚያ አሥር ቀናት ደግመሽ ጠበል አልጠየቅሽኝም።

ካንቺ በኋላ ያቺን ጀሪካን አልነካኋትም። ጨዋ ሆኜ እንዳይመስልሽ፤ ከሌላ ነበር የምጠጣው። ፋሲካ ሰሞን ትርንጎ ቤት ልትጠርግ መጣች። የእናቴ ጠበል ብላ በመዳፏ ቀድታ ፊቷን ታበሰችበት። ጮኸች። ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ወደ አፍንጫዋ ወሰደችው። ያን ጠዋት ያየችው ፊትሽ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ።

"አባባ፣ እማዬ የጠጣችው ይህን ነው?"

ልብሴን በፌስታል ከተተችና "ይነሡ" አለችኝ። ከተወለደች ጀምሮ ተነሣ፣ ና፣ ብላ የምትለኝ ልጅ ናት። ጋሳይ ውስጥ አንቱ የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ እንደዚያ ቀን ግን አንቱ መባል አስጠልቶኝ አያውቅም። ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኛሁ፤ ከዚያ ወደዚህ ቤት አመጣችኝ።

የቤቱ ሕግ እስከ ሦስት ወር ድረስ መጠጥ ያለበት ድግስ መሄድ ይከለክላል። የሄደ ልብሱን ይዞ ይሂድ ነው፤ ተመልሶ አይገባም። ወንድምሽ አዳነ ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ አፈጠጠብኝ። "የሚስትህን ሙት ዓመት ትተህ ከሰካራም ጋር ተኛ! ዳሱ ውስጥ ባሏ የታለ ሲሉኝ ምን ልበል? እስር ቤት ነው ልበል?" አለኝ። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አደረገና "አንድ ጣሳ ለነፍሷ ብለህ ብትቀምስ ምን ትሆናለህ? ድግሱ ደርሷል፤ ከጓሮህ ጌሾ ቆርጠን እየወቀጥን ነው" አለኝ።

እውነቴን ነው፣ ልሄድ ተነሥቼ ነበር። ለክብርሽ የምሄድ መሰለኝ፤ ጫማዬንም አጥልቄአለሁ። ግን አፌ ምራቅ ሞላ። ስምሽን ሲጠራ አይደለም። ጌሾ ሲል ነው። ያንን ጌሾ፣ ጠበልሽን የደፋሁበትን።

ምራቄን መሬት ላይ ተፍቼ ተቀመጥኩ። "አልመጣም" አልኩት። "ድሮም ሰው አልነበርክም" ብሎኝ ወጣ። አልተቀየምኩትም። ከዘመዶችሽ ውስጥ ስለ እኔ እውነቱን ፊት ለፊት የነገረኝ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዕለትሽ እኔ አልገኝም፤ ይህ ደብዳቤ ይገኛል። ዳሱ ውስጥ፣ በቄሱም በአዳነም ፊት ትርንጎ እንድታነበው ለመንኳት። ለንስሐ አባታችን አስቀድሜ ተናግሬአለሁ፤ የሰጡኝን ቀኖና በእሳቸውና በኔ መካከል ልተወው። ለሰው ግን አልተናገርኩም ነበር። አንቺን ደግ ነበረች እያሉ ሲያነሡ፣ ደግነትሽ ምን እንዳስዋጠሽ ይወቁት።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን እሑድ ለትርንጎ ሰጠኋት። ደጃፉ ላይ ቆማ አነበበችው። ኩባያው ጋ ስትደርስ ጣቷን መስመሩ ላይ አኖረች። "ይህንንም ላንብበው ይላሉ?" አለችኝ። ይነበብ አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተችና ሄደች። አንቱታውን አልተወችውም፤ እንድትተወውም አልጠየቅኳትም። ይህችን የመጨረሻ ገጽ ለብቻዋ ነው የምጽፋት፤ በመጪው እሑድ መጥታ ትወስዳታለች።

እናንዬ፣ ስትስቂ ስትጫወቺ የነበረውን ብቻ እያሰብኩ ብኖር አንቺ ትፈቅጂልኝ ነበር። አሁንም አመድ ይዘሽ ትመጪ ነበር። እኔ ግን ከእንግዲህ አላለብሰውም። ያቺን አንድ ጉንጭ፣ ያን አስተያየትሽን፣ ኩባያው ላይ የቀረውን የከንፈርሽን እርጥበት በሕይወት እስካለሁ አልረሳውም።

በዕለትሽ ጠዋት እዚህ ካለው ደብር ኪዳን አድርሼ እመለሳለሁ። እናንተ ጋ ዳሱ ሞልቶ ጣሳው ሲዞር፣ እዚህ ጋሽ ፈንታ ደጃፉ ላይ ይቆማል። "ሃ በል" ይለኛል።

ሃ እላለሁ። ምንም ካልሸተተው፣ ከኔ የሚደርስሽ ተዝካር እሱ ነው።

ባለቤትሽ ሞላ