አዮ ዘይቱና ገና አልሰሙም

ሮሐዬ፣
ስልኬን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም፤ ጥሪው የቦንሳ ዘፈን ስለሆነ ነው። የምንወደው ዘፋኝ ቦንሳ ዛሬ ጠዋት አሰላ ውስጥ አርፏል። ከሳጉሬ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ደግሞ እናቱ፣ አዮ ዘይቱና ናቸው፤ እዚህ እማማን “አዮ” ነው የሚሉት። “ትንሽ አሞታል” ተብለው ነው የሚሄዱት። ከእሳቸው በቀር ሁላችንም ሰምተናል። እኛ ደሴ ለመርዶ ሦስት ሽማግሌ ይበቃል፤ እዚህ ግን ሚኒባስ ሙሉ ሰው ተሸክሞታል።

“ምነው ዛሬ የልጄን ዘፈን ነፈግከኝ?” አሉት ሹፌሩን።

“ቴፑ ተበላሽቶብኝ ነው አዮ” አለ፣ ዞሮ ሳያያቸው።

“እንግዲያስ እኔው አወጣዋለሁ” ብለው ስለ ገብስ አጨዳ የዘፈነውን ጀመሩት። ዝም ብንል ይጠረጥራሉ። ከኋላ አንዱ ተቀበላቸው፤ ከዚያ ሁላችንም እያጨበጨብን ተቀበልን። አጠገቤ ያለችው ሴት አፏን በሻርፗ ሸፍና ነው የምትቀበለው። እኔም አጨብጭቤያለሁ ሮሐ፤ ይህን ፖስትካርድ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌን ታገሺኝ።

ቦታ አለቀብኝ። እማማ ፋናዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ትንሿን ትንቢትንም እቀፊልኝ። ካርዱ እስኪደርስሽ አዮም ይሰማሉ፤ ያኔ ደውዪልኝ።

አሁን አሰላ ገብተናል። አዮ ገና እየዘፈኑ ነው። መናኸሪያው ቀርቧል፤ “ወራጅ አለ” የሚል ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም።