ወደ ላይ የምትመለሰው ገመድ፦ የአቶ ቢሻው ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ይህን የሕይወት ታሪክ የእድሩ ጸሐፊ ሊጽፉት ነበር። «እማማ ባፈና ፊደል አልቆጠሩ፤ ስለ ኮምፒውተር ገመድ ምን ያውቃሉ?» አሉ። ሟች የወለድኩት ልጄ ነው። እኔ ተናገርኩ፣ የልጅ ልጄ ምህረት ጻፈች።

አቶ ቢሻው ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደ ሚካኤልና ከእኔ ከእናታቸው በወግዲ በሰኔ ወር 1965 ዓ.ም. ተወለዱ። የወለድኩትን አንቱ ማለት ምላሴ አልለመደም፤ ወግ ነው ተባልኩ። ከአባታቸው ዳዊት ደገሙ፣ ሁለተኛ ደረጃን መካነ ሰላም ጨርሰው በደሴ የኤሌክትሮኒክስ ሙያ ተማሩ። በ1989 ዓ.ም. ወይዘሮ የሻለምን በተክሊል አግብተው ምህረትን ወለዱ።

በ1998 ዓ.ም. መካነ ሰላም በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ሆኑ። የባልደረባቸውን የአቶ አልታዬን ልጅ ክርስትና አነሱ፤ አበልጅ ሆኑ።

በ2003 ዓ.ም. ኮምፒውተሮችን የሚያገናኙ ሦስት ስዊቾች መጡ። ቢሻው ደራርበው እንደ አንድ እንዲሠሩ በአጫጭር ገመድ አያያዟቸው፤ የላይኛውን ከመካከለኛው፣ መካከለኛውን ከታችኛው። ሦስተኛዋ ገመድ ከታችኛው ተነስታ ወደ ላይኛው ትመለሳለች። መካከለኛው ቢሞት ሁለቱ በእሷ ይገናኛሉ። ወግዲ የኖረ ይህ አይጠፋውም፤ ክረምት አንዱን መንገድ ቢንደው በሌላው ገበያ ይወጣል።

በ2006 ዓ.ም. አልታዬ ያቺን ገመድ «ትርፍ ናት» ብለው ነቅለው ገመድ ለቸገረው ሌላ መሥሪያ ቤት ሰጡ። ሥራው ስላልቆመ ማንም ልብ አላለም። በሁለተኛው ወር፣ አለቆች በስክሪን ሲሰበሰቡ፣ መካከለኛው ስዊች ተቃጠለ። ታችኛው ተቆርጦ ቀረ፤ ስብሰባው ጨለመ። አልታዬም «ቢሻው ሲያገናኝ ሦስተኛ ገመድ አላደረገም» ብለው በፊርማቸው መሰከሩ። ዘበኛው አቶ ጀብሪል «ወላሂ፣ አልታዬ ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ» ቢሉ፣ ዘበኛ ስለ ገመድ ምን ያውቃል ተባሉ።

ልጄን መዝገብ ቤት ጣሏቸው፤ ፋይል ተሸካሚ አደረጓቸው። ተናገር ብላቸው፣ «እማዬ፣ ልጁን ክርስትና አንስቻለሁ፤ አባቱን አላዋርድም» አሉኝ። ሦስት ዓመት እንዲሁ ዋጡት።

በጉበት ሕመም ሰባት ወር ተኝተው የካቲት 14 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በ43 ዓመታቸው አረፉ። የሻለም፣ ምህረትና እኔ ቀርተናል። የአበልጁን ነውር የሸፈነች ነፍሳቸውን መድኃኔ ዓለም በአብርሃም አጠገብ ያስቀምጥልኝ።

አልታዬ፣ ሣጥኑን ትከሻህ ላይ አድርገህ የመጣህ! ዝም እላለሁ ያለው እሱ ነው፤ እኔ አላልኩም። ያቺን ገመድ ማን እንደነቀላት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት በአፍህ ተናገር። እስክትናገር አካፋ የሚያነሳ እንዳይኖር ብያለሁ።