ላፕቶፕ ልያዝ ወይስ ታብሌት? ለኬላው ኃላፊ የቀረበ ጥያቄ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ላይ ለሚገኘው የፍተሻ ኬላ የተከበሩ ኃላፊ፣
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎም ቤተሰብዎም በሰላምና በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሚኒባሱ ወደ ኬላዎ በተቃረበ ቁጥር መታወቂያዬን ደጋግሜ ከመፈለጌ በቀር።

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር የምኖር፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም እየጻፍኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ የግል ሆስፒታል የላቦራቶሪ ውጤት የሚመዘግብበትን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ በተበላሸ ቁጥር ወርጄ እጠግናለሁ፤ መንገድ ላይም እሠራለሁ። ለመንገደኛ ፕሮግራም ጸሐፊ ላፕቶፕ ይሻላል ወይስ ታብሌት የሚለውን ሌላው ሰው የኮምፒውተር ሻጭ ጠይቆ ይወስናል። እኔ ግን ውሳኔው በእርስዎ እጅ መሆኑን ስለተረዳሁ፣ የደረሰብኝን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ላፕቶፑ። ከዒድ በኋላ በነበረው ሳምንት ትጉህ ባልደረባዎ ቦርሳዬን ፈትሸው ላፕቶፑን አስከፈቱኝ። ጥቁር ስክሪን ላይ የተደረደሩትን አረንጓዴ ፊደላት አይተው «ይኼ ምንድን ነው?» ሲሉኝ፣ በየዋህነት «ኮድ ነው» አልኳቸው። «የምን ኮድ? ለማን ነው የምትልኪው?» ብለው ከመኪናው አስወረዱኝ። የፕሮግራም ጽሑፍ ኮድ እንደሚባል ላስረዳ ስሞክር ድምፄ ተቆራረጠ፤ መርበትበቴም እንደ ማስረጃ ተቆጠረብኝ። አንዲት የፈራች ሴት ጥፋተኛ መሆኗን በድምፅዋ ብቻ ለይተው ለሚያውቁት ባልደረባዎ አድናቆቴ ይድረሳቸው።

2ኛ. ስለ ማቆያው ክፍል። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሊሄድ ሲል፣ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ ረሂማ የሚባሉ እናት «ልጂቱን ብቻዋን ጥዬ አልሄድም» ብለው ወረዱ። ባልደረባዎ «ምንዎ ናት?» ቢሏቸው «ልጄ ናት» አሉ፤ ስሜን እንኳ ገና አልጠየቁኝም ነበር። በቆርቆሮ ክፍሉ ውስጥ ስልኬ ተወስዶ፣ በሩ ተዘግቶብን፣ ውጭ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አሁን መጡብኝ እያልኩ፣ የረሂማን እጅ ይዤ ተቀመጥኩ። እሳቸው ዱዓ ሲያደርጉ እኔ አሚን ብቻ እል ነበር። ቤተሰቦቼ የት እንዳለሁ አያውቁም ነበር፤ ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ እሱ ነው። አመሻሹ ላይ «ምንም የለም፣ ሂዱ» ተባልን። ይቅርታ ሳትጠይቁን መሸኘታችሁ፣ ጊዜያችንን እንዳታባክኑ አስባችሁ መሆኑ ገብቶናል።

3ኛ. ስለ ታብሌቱ። ከዚያ ወዲህ ፈርቼ፣ ላፕቶፑን ቤት ትቼ የእህቴን የሱዓድን ታብሌት ይዤ ወረድኩ። ባልደረባዎ «ፊልም ነው የምታዪው?» ብለው ፈገግ አሉና አሳለፉኝ። ሆስፒታሉ ስደርስ ፕሮግራሙ የአንዱን ታካሚ ውጤት በሌላው ስም ማውጣት ጀምሮ ነበር። ታብሌቱ ላይ ስህተቱን ፈልጌ ለማግኘት የሚያስፈልገኝ ነገር አንዱም አይሠራም፤ መስታወቱን በጣቴ ስደበድብ ዋልኩ። በዚህ መሀል ደም ሊሰጣት የነበረች አንዲት ወላድ የደም ዓይነቷ የሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሚስባህ ተጠራጥሮ በድጋሚ ባይመረምራት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ አሁንም እንቅልፍ ይነሳኛል። ሴትየዋ ተርፋለች፤ ሴት ልጅም ታቅፋለች። ፕሮግራሙ ግን ተዘግቷል፤ ሚስባህም «ሰዒዳ፣ በአላህ፣ በደንብ የሚሠራውን ይዘሽ ነይ» እያለ ይደውልልኛል።

ስለዚህ የተከበሩ ኃላፊ፣ ምክርዎን ሳልጠብቅ መርጫለሁ። ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ እወርዳለሁ። ደፍሬ አይደለም። ነገር ግን ከኬላዎ ይልቅ ያቺ ወላድ የተኛችበትን አልጋ ፈራሁ። ምን እንደሆነ ከጠየቁኝም «የታማሚዎች የደም ውጤት ነው» እላለሁ፤ ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ግን እባክዎ እስክጨርስ ይታገሱኝ።

ከፍርሃት ሊለይ ያልቻለ አክብሮቴን ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ በድጋሚ እየገለጽኩ፣ አላህ በሥራችሁ ላይ ማስተዋልን እንዲጨምርላችሁ እለምናለሁ።

ሰዒዳ ሙንዚር
ሆጤ፣ ደሴ

ማስታወሻ፦ ሙሉ ስሜንና ሰፈሬን የጻፍኩት ስላልፈራሁ አይደለም፤ እኔን ፍለጋ ሌላ ሴት ከመኪና እንዳታስወርዱ ብዬ ነው።