የሄሪት ላሞች ከተጫኑ ወዲያ

ይድረስ ለልጄ ለካሚል ሙሐመድዘይን፣ ባሕሩ ከምድሩ ከፍ ይላል ለሚባልበት ለሆላንድ አገር።

ብዕሩን የያዘችው እህትህ ሚስራ ናት፤ ነገሩ ግን የኔ የአባትህ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አፌ ግን አልተዘጋም። እንደ ተናገርኩት እንድትጽፍና እንዳታሳምርብኝ ቃል አስገብቻታለሁ። ካሳመረችው ስታነብልኝ አውቀዋለሁ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አካም ጂርታ ኢልመ ኮ? ነጋዳ? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ላም የምናልበው በማሽን ነው ብለኸኝ ነበር፤ ታዲያ ወገብህን ምን ያዘው? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ፀሐይዋ ገና በአሥር ሰዓት ተኩል ትጠልቃለች ካልከኝ ጀምሮ ያ አገር ያሳዝነኛል። ሶላትህን እንዳታዛባ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ጤነኛ ነው። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ወፍ ብዙም አልበላብንም። መንገዱ አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል፤ ለጊዜው ክፍት ነው፣ ሚኒባሱም ባጃጁም ይሮጣል፣ ሰላሙን አላህ ያጽናልን። አፋሮቹም ከብታቸውን እየነዱ ወደ ጨፋ ረግረግ ሣር መምጣት ጀምረዋል፤ ሰንበቴ ገበያ በግመል ተሞልቷል።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ስትደውል ድምፅህን አልወደድኩትም። የሄሪት ላሞች ተጭነው ሄዱ፣ በረቱ ባዶ ቀረ፣ አገሩም ፊቱን እያዞረብን ነው፣ ጓዜን ጠቅልዬ ልምጣ አልከኝ። እናትህ ይህን ሰምታ ፍራሽህን አውጥታ ማናፈስ ጀምራለች። እኔ ግን መልሴን ለወረቀት አቆየሁልህ። ስልክ ይቆራረጣል፣ የአባት ነገር ደግሞ መቆራረጥ የለበትም። ሚስራ ይህን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ ስለምትልከው ዛሬውኑ ይደርስሃል። አልደረሰኝም አትለኝም።

ሄሪት ማለት፣ የመኖሪያ ወረቀትህ በወጣ ሰሞን፣ ቤት በጠፋበት አገር፣ ከበረቱ ጎን ያለችውን ክፍል ከፍቶ ያስገባህ ሽማግሌ ነው። ማለብም፣ ማሽኑንም፣ ቋንቋውንም ያስተማረህ እሱ ነው። አንተ ይህን ሳታውቀው ቀርተህ አይደለም፤ የረሳኸው ስለመሰለኝ ነው የምነግርህ።

ስለዚያ አገር የነገርከኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። ተራራ የሚባል የለውም። ባሕሩን በግድብ አስረው ከሥሩ ያርሳሉ ስትለኝ ማሻአላህ ብያለሁ፤ እኛ ክረምት ላይ ወንዛችንን ቦርከናን እንኳ ማስቆም ያቅተናል። ንጉሥ አላቸው፣ ግን አያዝም። ስፋቱ ወሎን አያክልም፣ ወተቱና አይቡ ግን ዓለምን ያዳርሳል። ከዚያ የከብቱ ሽንትና ፋንድያ በዛ፣ ከሱ የሚወጣው ትነት ዱሩንና ውሃውን አበላሸ ተባለና መንግሥት ከብት ቀንሱ አለ። ገበሬው በትራክተር መንገድ ዘጋ። መንግሥትም በረቱን በፈቃዱ ለሚዘጋ ዋጋውን እከፍላለሁ አለ። ሄሪትም ልጆቹ ከተማ ገብተው ተተኪ ስላጣ፣ ነገ በግድ ከሚወስዱብኝ ብሎ ፈረመ። በአውሮፓ ምድር ዳግመኛ ላም ላያረባ ፈረመ።

እኔ መንግሥታቸውን አልሰድብም። ከብት ከመሬቱ ሲበልጥ ውሃው እንደሚደፈርስ ጨፋ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛም በየበጋው በሣሩ የምንጋጨው በዚሁ ነው። ግን እኛ ስንጋጭ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እዚህ ድረስ ያንተ እዚህ ድረስ የሱ ይባላል። ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረን ሰው ጨርሰህ ውጣ ማለት፣ ዋጋው ቢከፈለውም፣ እጁን ቆርጦ ጓንት መስጠት ነው።

ሬዲዮ ላይ ደግሞ በስደተኛ ነገር ተጣልተው መንግሥታቸው ፈረሰ፣ እንደገናም ምርጫ አደረጉ ሲባል ሰምቻለሁ። አንተን ያስፈራህም ይኸው ነው። አንተ ልጅ፣ ያንተና የሄሪት ነገር አንድ መሆኑን አላየህም? እሱን ከብትህ በዛ አሉት፣ አንተን ሰዋችሁ በዛ አሉህ። ይህን ስናገር ሚስራ ብዕሩን አቁማ፣ አባ ይሄስ እውነት ነው አለችኝ። እውነት ያልሆነ መቼ ተናግሬ አውቃለሁ? እና በአንድ ዝናብ የሚመታ ሰው ጓደኛውን ሜዳ ላይ ትቶ ይሮጣል?

ደግሞ ያስቆጣኝን ልንገርህ። ላሞቹ የተጫኑ ቀን ጎረቤቶቹ አፍረው መጋረጃቸውን ዘጉ አልከኝ። ሄሪት ከዚያ ወዲህ በማለቢያው ሰዓት እየተነሳ ባዶው በረት ገብቶ ይወጣል፣ ተመልሶ መስኮት ሥር ይቀመጣል፣ ምግብም አይነካም አልከኝ። አንተስ ምን አደረግህ ስልህ፣ እዚህ አገር ሰው ሲከፋው ብቻውን ይተዉታል፣ ልማዳቸው ነው አልክ። ጠየቅከው? አልጠየቅከውም። በረቱን ጠረግህ፣ ክፍልህ ገባህ፣ በርህን ዘግተህ የአውሮፕላን ዋጋ ስታጠያይቅ አመሸህ። ወላሂ አፈርኩብህ።

የኛ በረት በሳንባ በሽታ የተራቆተበትን ዓመት ታስታውስ ይሆናል፤ ልጅ ነበርክ። እኔም እንደ ሄሪት ግድግዳ ሥር ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ሰው እንደ ሞተበት ቤት ተቀምጠው የላሞቹን ወተት፣ የበሬዎቹን ጉልበት እያነሱ ዋሉ። ጎረቤታችን ሙህዲን ሳይቀር መጣ፤ ያኔ በድንበር ተኳርፈን ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር። ከጎኔ ተቀመጠና፣ ያ ቀንደ ጠማማ በሬህ አጥሬን ስንት ጊዜ አፈረሰብኝ፣ እንግዲህ በምን ሰበብ ነው ካንተ ጋር የምጣላው አለኝ። ሳላስበው ሳቅኩ። ከሳቅኩ በኋላ እናትህ ያቀረበችውን ቂንጬ በላሁ።

ስለዚህ ዛሬ በማለቢያው ሰዓት ሂድና ከሰውዬው ጎን ተቀመጥ። አትምከረው። አብሽር ብለህ ብቻ ጥለኸው አትውጣ። የሚጠጣውን ይዘህ ግባ። የላሞቹን ነገር አንሳ፤ የትኛዋ ትራገጥ እንደነበር፣ የትኛዋ በር ከፍታ ጎመን ውስጥ እንደገባች። ስላደከሙህ እሱ ፊት ስደባቸው። ቋንቋቸውን እስከ ስድቡ ችዬዋለሁ ብለህ ለወንድምህ ለአቡበከር ነግረኸዋል አሉ፤ ይኸው ሥራ ተገኘለት። ነገም ሂድ፣ ከነገ ወዲያም ሂድ፣ እስኪበላ ድረስ ሂድ።

ከዚያ ይህን ንገረው። ቀይዋ ላማችን ዓምና የወለደቻት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ጊደር አለች። እሷን ትናንት በሙህዲን ፊት ለሄሪት ሰጥቻታለሁ። ልጄን ቤት ላስገባ ሰው ጊደር አትበዛበትም። ፈርሜያለሁ፣ ላም ማርባት አልችልም ካለህ፣ የፈረምከው በአውሮፓ ምድር ነው፣ ከሚሴ አውሮፓ አይደለችም በለው። ጥያቄ ያለው ሹም ካለ ሰንበቴ ገበያ ድረስ መጥቶ ሙሐመድዘይን የት አለ ይበል። ጊደሯ እኔ ጋ በርቢ ትቆማለች፤ ስትወልድ ወተቱ ለኔ ለጠባቂው ነው፣ ጥጃዎቹ ግን አንዱ የኔ፣ አንዱ የሱ። እኔ ደግሞ በርቢ ሰው አታልዬ አላውቅም፤ ጨፋ ሮቢት ድረስ ጠይቅ።

ስም ገና አላወጣንላትም። ሄሪት ላሞቹን ሁሉ በየስማቸው ነበር የሚጠራቸው ብለኸኛል። እንግዲህ የዚችንም ስም እሱ ያውጣ። የሆላንድ ስም ቢሆን ምላሳችንን አጣምመን እንለምደዋለን። መልስ ሳይሰጥህ ከመስኮቱ ሥር አትነሳ።

መምጣቱን አልከለክልህም፤ ጓዝህን ጠቅልለህ መሸሹን ግን ተው። ማዶ ያለው ገበሬ ላሞቼን እለብልኝ አለኝ ብለኸኝ ነበርና ሥራውን ያዝ። ወረቀትህ በእጅህ ነው፣ እጅህም ሙያ አለው፤ የሚሠራ ሰው ደግሞ የትም አገር ተትረፍርፎ አያውቅም። ፈርቼ ነው የመጣሁት የሚል ልጅ እደጄ እንዳይቆም። ለአረፋ ግን ለጥየቃ ና። ብቻህን አትምጣ፤ ባለ ጊደሩን ይዘህ ና። እናትህ ይህን ስትሰማ ልጄን ከለከልከኝ ብላ ተነጫነጨች። አልከለከልኳትም፤ እንግዳ ጨመርኩላት።

እናትህ ዓፊያ አንገትህን አቅፋ ትስምሃለች፤ ካልሲ ደርብ ብላለች። ወንድምህ አቡበከር ባጃጁ ሥር ተኝቶ ብሎን እያጠበቀ ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብሎ ከዚያው ጮኋል። ሚስቱ ሰልማ ልጆቹን አስከትላ ሰላም ብላሃለች። ሙህዲንም ሰላም ብሎሃል፤ ጊደሯ እንደዚያ ቀንደ ጠማማ በሬ አጥር አፍራሽ ከሆነች ካሳውን ከሆላንድ ነው የምጠይቀው ብሏል። ሚስራ የራሷን ሰላምታ ራሷ ትጨምር፤ ብታሳምረውም ፈቅጃለሁ። አንተም ሄሪትን፣ የካሚል አባት ሙሐመድዘይን ሰላም ብሎሃል በለው፤ እኩያዬ ነውና ጎንበስ ብለህ በለው።

በቃ ጨርሻለሁ። በይ ሚስራ፣ አሁን አንብቢልኝ። ሰላምታውን ተይው፤ ከጊደሯ ጀምሪ።

አባትህ ሙሐመድዘይን
ከሚሴ
ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.