ቀጥቃጭ ነው በያቸው

እሑድ

ደወሉ! ስንት ወር የጠበቅሁት ቶር፣ ቀጠሮው ማለት ነው፣ መጣ፣ ለረቡዕ። ያ ኤምአርአይ የሚሉት የጀርባ ፎቶ። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል፦ ፎቶ ከሌለ ቀዶ ጥገና የለም፣ ቀዶ ጥገና ከሌለ ግራ እግሬ እየደነዘዘ ይሄዳል። ቂርያት መናሔም የሚሉት ሰፈር ያለው ሕንጻችን ደግሞ አሳንሰር የለውም፣ እኔ ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። እግሬ እምቢ ካለ ቀሪ ዕድሜዬ መስኮት ላይ ተቀምጦ አውቶቡስ ማየት ነው። አላደርገውም!

በስልክ የተነገራትን ልጄ የሺ አስረዳችኝ። ሥራ ቦታ ሲጋል ይሏታል። አማርኛዋ እንደኔ ዕብራይስጥ ነው፣ ግማሹ በእጅ። አንቱ ማለት አይሆንላትም፣ እኔም ትቼዋለሁ። "አባ፣ ምግብ ብላ። መድኃኒት ዋጥ። ቀበቶ የለም፣ ሰዓት የለም፣ ጥርስ አውልቅ።"

ጥርሴንም? ጉድ በል ጎንደር!

ሰኞ

ጎረቤቴ አባ መለሰ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ የወጣ ነው። እንደ ቀፎ ጠባብ ነው አለኝ። አትነቃነቅ ይሉሃል፣ ከጨነቀህ የምትጨብጣት ነገር በእጅህ ይሰጡሃል፣ እሷን ስትጨብጥ ይመጡልሃል። ጆሮህን ይሸፍኑልሃል፣ ሆኖም መዶሻ የሚመታ ነው የሚመስልህ አለ።

መዶሻ! እኔን በመዶሻ ያስፈራራኛል! አባቴ ቀጥቃጭ ነበር፣ እኔም አገር እስክለቅ ድረስ ቀጥቃጭ ነበርኩ። ልጆቼ ግን የሚያውቁኝ ገበሬ ነበር ተብሎ ነው። እንዲህ ያለቻቸው ሟች ባለቤቴ ናት። ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው ይሉን ነበርና፣ ያ ስድብ እዚህ ድረስ ተከትሎ ልጆቿን እንዳያገኛቸው ፈራች። ለእሷ ሰላም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ።

ረቡዕ

የእኔ ዝምታ ነቀዘ።

ከሃነቪኢም ጎዳና ገባ ብሎ ነው ቦታው። ልብስ አስለወጡኝ። አንዲት ወጣት ባለሙያ ጥያቄ ጀመረች፣ የሺ እኔን ሳትጠይቅ ትመልሳለች። ልቡ ላይ መሣሪያ ተተክሎለታል? ሎ፣ የለም ማለቷ ነው። ተቀዶ ያውቃል? ሎ። ሎ፣ ሎ፣ ሎ፣ እንደ ዝናብ። እንደ ዕቃ መሀላቸው ቆሜአለሁ። ከዚያ ልጅቷ ስለ ብረት ጠየቀች፣ ቀጥላም ዓይን አለች። ዓይን በዕብራይስጥም ዓይን ነው።

"ምን አለችሽ?"

"ምንም አይደል አባ። በብረት ሠርቷል ወይ አለች። ገበሬ ነው አልኩ።"

ደሜ ፈላ። "ቀጥቃጭ ነው በያት!"

"ቀጥቃጭ ምንድን ነው?"

ይኸው! ልጄ የአባቷን ሥራ ስም አታውቀውም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። "ብረት! እሳት! ማረሻ፣ ማጭድ! ግራ ዓይኔ ፍንጣሪ ገብቶበታል በያት! አክስቴ በምላሷ ልሳ አወጣችው ተባለ እንጂ ማን አየ?"

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው አለች፣ ሥራ ላይ ባይሆንም ይስባል። ቅንጣት ብረት ዓይን ውስጥ ካለች አንቀሳቅሶ ዓይኑን ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የዓይን ራጅ፣ ለነገ። ዛሬ መግባት የለም።

የሺ ውጭ ወጥታ አለቀሰች፣ በንዴት። "ስንት ጊዜ ጠበቅን! ዝም ብትል ገብተህ ነበር!"

"አዎ፣ በሁለት ዓይን ገብቼ በአንድ እወጣ ነበር!" አልኳት።

ሐሙስ

የሺ ሥራ ገባች፣ ለራጁ ብቻዬን ሄድኩ። ብሄድስ! ቀድሜ ስለደረስኩ ኢትዮጵያ ጎዳና አፍ ላይ ካለው ግንብ ተቀመጥኩ። አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊት እዚያው ካለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጠገቤ አረፉ። ሰላም ስላቸው አነጋገሬን ሰምተው የየት አገር ሰው ነህ አሉ። ደምቢያ አልኩ። እሳቸውም ደምቢያ! ምን ትሠራ ነበር አሉኝ።

"ቀጥቃጭ ነኝ፣ የቀጥቃጭ ልጅ።"

"ውይ! ማረሻችን ከናንተ ነበር የሚመጣው።"

"በማረሻችን አርሳችሁ ትበሉና ቡዳ ትሉን ነበር፣ እማማ።"

ይክዳሉ ብዬ ነበር። "ብለናል" አሉ ቀና ብለው። "ማረሻው ግን ደኅና ነበር።"

ሳቄ አመለጠኝ። እግዜር ይማርህ ብለው ተነሡ። ራጁ አፍታ አልፈጀም፣ ወደላይ እይ፣ ወደታች እይ፣ በቃ።

ዓርብ

አለች። ግራ ዓይኔ ውስጥ አንዲት ቅንጣት ቁጭ ብላለች። ሐኪሙ ራሱ ነው ለየሺ የደወለላት። ኤምአርአይ ቀረ፣ በምትኩ ሲቲ የሚሉት ሌላ ፎቶ፣ እሱ ማግኔት የለውም። ፎቶው ያን ያህል ላይጠራ ይችላል፣ ለቀዶ ጥገናው ይበቃ እንደሆነ እናያለን አለ።

አክስቴ ነፍሷን ይማር፣ በከንቱ ነው የላሰችኝ!

የሺ ሰንበት ሳይገባ ምግብ ይዛ መጣች። ድስቱን እንኳ ሳታስቀምጥ አቀፈችኝ። ከዚያ ጥያቄ! ወናፍ ምንድን ነው፣ እሳቱን ማን ያናፋል፣ ማጭድ እንዴት ይሳላል። በመጨረሻ እማዬ ለምን ደበቀችን አለች። ቡዳ ማለት ምን እንደሆነ ነገርኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"እና ዝም አላችሁ?"



እሑድ

ሲቲ ተነሣሁ። የመመዝገቢያው መስኮት ጋ ያ ጥያቄ ሁሉ እንደገና መጣ። እኔ አፌን ሳልከፍት የሺ በዕብራይስጥ ቀደመች። "አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ዓይኑ ውስጥ ብረት አለ።" ድምፅዋን አልቀነሰችም፣ ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን። ይየን!

ውጤቱ ሳምንት ነው። ይቀዱኝ አይቀዱኝ አላውቅም። እግሬ እንደሆነ ያው ነው፣ ስንመለስ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከዳኝና ደረጃው ላይ ቁጭ አልን። የሺ እዚያው ስልኳን አውጥታ ለወንድሟ ደወለች።

"ስማ" አለችው፣ ሆን ብላ በአማርኛ። "አባ ገበሬ አልነበረም።"