«ግንኙነት መመሥረት አልተቻለም» ስለሚለው ቃል ለርዕሰ መምህራችን

ይድረስ ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ጉልበትዎን ደረጃው አይፈትነው፣ ድምፅዎንም ማጉያው አይክዳው እያልኩ የጤንነትዎን ነገር ከልብ እጠይቃለሁ። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎ፣ በጸሐፊዎ በኩል ያስገባሁት የታሸገ ማመልከቻ መልስ ስላጣ፣ ኤንቨሎፕ መክፈት ከሥራ ድርሻዎ ውጭ ይሆናል ብዬ ይኸኛውን ክፍት አድርጌ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌልዎታለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። የአክስቴ ልጅ ሌላ ከተማ ወዳለው የትምህርት ቤታችን ቅርንጫፍ ከተዛወረች ወዲህ የማወራው ሰው የለኝም፤ ሁለታችንም ገና ለአቅመ ስልክ አልደረሳችሁም ተብለናል። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ኮምፒውተር ክፍል ተቀምጬ፣ ቅርንጫፎቹን በሚያገናኘው መስመር መልእክት የሚያመላልስ ፕሮግራም ጻፍኩ። እሷ በዚያ ጫፍ ሶኬት፣ ማለትም ፕሮግራሙ መልእክት የሚቀበልበትን መገናኛ፣ ከፍታ ትጠብቃለች፣ እኔ ከዚህ አንኳኳለሁ። እንግሊዝኛው ስለሰለቸንም ስሕተት ሲመጣ በራሳችን ቋንቋ እንዲናገር አደረግሁት። እርስዎ ለጉብኝት ብቅ ባሉበት ቀን ታዲያ ስክሪኔ ላይ «ግንኙነት መመሥረት አልተቻለም፤ በሌላው ወገን ፈቃደኛ አልተገኘም» የሚለውን አንብበው ፊትዎ ቲማቲም መሰለ። ለሥነ ምግባሬ መጨነቅዎን ሳላመሰግን አላልፍም።

አቤቱታዬ እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ቃሉ ሊያስረዳዎ የሞከረውን የኮምፒውተር ክፍሉን ቴክኒሻን «ዝም በል፣ አንተም ልጅ አለህ!» ብለው ካሳፈሩት በኋላ እኔን ወላጅ አምጪ አሉኝ። እናቴ ከሥራ አስፈቅዳ እያለከለከች መጥታ ከማን ጋር እንደሆነ ብትጠይቅዎ፣ «በሶኬት ነው የሚገናኙት» ብለው አረጋጓት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ሶኬት በሙሉ በፕላስተር ታሽጓል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ኤሌክትሪክ ከያዘ አይለቅም፤ ሌላ ጓደኛ አጣሽ?» ትለኛለች። ስለ ኤሌክትሪኩ ተሳስታለች፤ ስለ ጓደኛው ግን አዎ፣ አጥቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ዋናው በር ላይ ራስዎ ያሰቀሉት ጨርቅ «ከወላጆች ጋር ያለንን ግንኙነት እናጠናክራለን» ይላል። እኔ ክፉ አላሰብኩም፤ ለአባቴ ግን እርስዎ ቢያስረዱት ይሻላል።

ሦስተኛውና የሚያመኝ፣ ቴክኒሻኑን አዝዘው በመስመሩ ላይ መልእክት የሚያልፍበትን በር ሁሉ ማዘጋትዎ ነው። ድሮ የአክስቴ ልጅ ፕሮግራሙን ካልከፈተች ማሽኗ ወዲያው «እምቢ» ይለኝ ነበር። እምቢታ እኮ ደግ ነገር ነው፤ ቤቱ አለ፣ መብራቱ በርቷል፣ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ የለም ማለት ነው። ዳቦዬን በልቼ በማግስቱ እመለሳለሁ። አሁን ግን የእርስዎ አጥር መልእክቴን ድምፅ ሳያሰማ ይውጠዋል። ፕሮግራሙ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይተወኛል። እሷ ማዶ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ትሁን፣ ወይስ አዲስ ጓደኞች አግኝታ ሜዳ ላይ እየሳቀች፣ የማውቅበት መንገድ የለም። ሁለቱም ከዚህ ሲታዩ አንድ ዓይነት ዝምታ ናቸው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። በሩን ለአንድ የምሳ ሰዓት ብቻ ያስከፍቱልኝ። እየጠበቀች ከሆነ ደህና መሆኔን እነግራታለሁ። መጠበቁን ትታው ከሆነም ማሽኗ እምቢ ይለኛል፤ ያኔ ፕሮግራሙን ዘግቼ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም። እምቢታውን ግን ከራሷ ልስማው፤ እርስዎ በእሷ ስም ዝም አይበሉብኝ።

በአርቆ አሳቢነትዎ እየተደነቅሁ፣ በጥበቃዎ ሥር ከሰው ሁሉ ተጠብቄ የምገኝ፣
የመጨረሻው ረድፍ ብቸኛ ተቀማጭ፣ አክባሪዎ።

ሳልረሳው፦ በሮቹ በጅምላ ሲዘጉ የቢሮዎ ማተሚያ የምትጠቀምበትም በር አብሮ ተዘግቷል። እርስዎ ቀለም ደጋግመው ሲቀይሩ፣ ጸሐፊዎም ማተሚያዋን በጥፊ ሲያቀምሷት በመስኮት አይቻለሁ፤ ምክንያቱን ልናገር ብል «ልጅ በአዋቂ ሥራ አይገባም» ስላሉኝ ታዝዤ ዝም ብያለሁ። ፈተናው ሳይታተም በመቅረቱ መላው ተማሪ ረጅም ዕድሜ ይመኝልዎታል።