ፍቅረማርያምን ከወንበር ያስነሱልን

ለተከበሩ የላስ ቬጋስ የበረሃ ቀበሮዎች የበረዶ ሆኪ ክለብ ዋና አሰልጣኝ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ፣ የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ከጨዋታ በኋላ ለጋዜጠኞች የሚናገሩበት የጉሮሮዎ ጤና እንደምን ሰንብቷል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጽጌወይን ኃይሉ እባላለሁ፤ ሜሪላንድ ፓርክዌይ እኖራለሁ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ አድላለሁ፣ የሟቹ የኤዛና እናት ነኝ። የምጽፈው ቀስ ብዬ ስለሆነ እርስዎም ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ያ አርባ አራት ቁጥር የሚለብሰው ወጣት ተጫዋችዎ ጀርባውን ለበረኛው ሰጥቶ፣ ዱላውን በእግሮቹ መካከል አሾልኮ ያቺን እንደ ኳስ የምትጫወቱባትን ጥቁር ጎማ በመምታቱ፣ እርስዎ «እኛ ሰርከስ አይደለንም፣ የምንጫወተው በፐርሰንት ነው» ብለው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ስላስቀመጡት ከተማችን ከደስታ አደጋ ተርፋለች። ጥቂት ቅሬታዎች ግን አሉኝ።

አንደኛ፤ ያ ምት የተመታው በእኔ ለቅሶ ቤት ነው። ሰልስቱ ወጥቶ፣ ቤቱ ጥቁር በለበሱ ሰዎች እንደተሞላ፣ ልጄ ሔዋን ድምፁን አጥፍታ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው፤ ወንድሟ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም ነበርና። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ሁላችንም እናውቃለን፤ ዝጊው የሚላት ግን ጠፋ። እንግዶቹም የማያዩ እየመሰሉ ማየት ጀመሩ። ቄስ ሕዝቅኤል «ይኸማ የኛው የገና ጨዋታ ነው፤ ሜዳው አንሸራተታቸው እንጂ» አሉ። ከዚያ ልጁ መታ። ጎማዋ ከጎሉ በላይ አልፋ የሜዳውን አጥር መስታወት አንኳኳች፤ እሱ ግን በጀርባው ወድቆ፣ እየተንሸራተተ፣ በረኛውን አልፎ መረቡ ውስጥ ገባ። ቄሱ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ገባ!» አሉ። ጎረቤቴ አስካል «ምኑ ነው የገባው?» ብትል፣ ሔዋን «ልጁ!» አለቻት። እኔም ሳቅሁ። ነጠላዬን አፌ ላይ ብይዝም አልቆመልኝም፤ ሰውም መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ በኋላ ይሉኝታው ተበጥሶ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ኤዛና ከተቀበረ ወዲህ ጥርሴ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር። ክቡርነትዎ የቀጡት ይህንን ነው።

ሁለተኛ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያጽናኑኝ ሰዎች የጨዋታ ቀን እየጠበቁ ልጁን ሊያዩ ይመጣሉ፤ እሱ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሄልሜቱን ማሰሪያ ያኝካል። ጤነኛ ወጣት በጨዋታ መሐል ለምን እንደሚቀመጥ ያልገባት አስካል፣ ታሞ ነው ብላ በጸሎት እንዲታሰብ አደረገች። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠይቋት ግራ ቢገባት «ፍቅረማርያም» አለች። እነሆ ደዌ ከጸናባቸው ጋር ስሙ ይጠራል፤ የማላውቃቸው እናቶችም «ፍቅረማርያም እንዴት አደረ? እህል ቀመሰ?» እያሉ ይጠይቁኛል። በሽታው እርስዎ መሆንዎን እንዳልነግራቸው ጨዋነቴ ያዘኝ።

ሦስተኛ፤ ከፐርሰንት ጋር ጠብ የለኝም፤ እንጀራዬ ነው። ካዚኖው የሚያሸንፈው በፐርሰንት ነው። ነገር ግን ፐርሰንት ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ቬጋስ የመጣ ሰው እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አልተቀመጠም። ልጄም ሲታመም ሐኪሞቹ ከመቶ ዘጠናው ይድናል ብለውኝ ነበር። አልዋሹኝም፤ ዘጠናው ድኖ ይሆናል። ኤዛና ከአስሩ ሆነ። ስለዚህ እርስዎ ከዘጠናው ጋር ሲቆሙ አልቃወምም፤ ዘጠናው ወዳጅ ሞልቶታል። ያ ልጅ ግን ዱላውን በእግሮቹ መካከል ሲያሾልክ፣ ከአስሩ ጋር የቆመ ሰው አየሁ። ኤዛናም ይህንኑ ምት ፓርኪንጉ ውስጥ ሲለማመድ የአስካልን መስኮት ሰብሮ ነበር፤ ያን ቀን ሰፈሩን በጩኸት ያናወጠችው አስካል፣ አሁን መስኮቱን ለምን አስጠገንኩት እያለች ታለቅሳለች።

ቅዳሜ የልጄ አርባ ነው። ተዝካሩ ጠዋት ያልቃል፤ ከሰዓት በኋላ እርስዎ በሜዳዎ ይጫወታሉ፤ ተዝካሩን የሚበላው ሰው ሁሉ ትኬት ይዟል። ፍቅረማርያምን ለአንድ ሺፍት፣ ለአንዲት ተራ ብቻ ያስገቡልን። የእናንተ ሺፍት አንድ ደቂቃ እንኳ እንደማይሞላ ሔዋን ስትነግረኝ፣ ቀኑን ሙሉ የምቆመው ሴትዮ በሥራችሁ ቀናሁ። ጎል እንዲያገባ አንጠይቅም፤ ራሱ ቢገባ ይበቃናል።

ለበረዶው ቅዝቃዜ፣ ከበረዶውም ለሚብሰው ለጨዋታዎ ቅዝቃዜ ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ እጅ እነሳለሁ።

የኤዛና እናት፣
ጽጌወይን ኃይሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የያዝነው ቦታ ከእርስዎ ወንበር ጀርባ ነው። ከመካከላችን ድምፃቸው መስታወት የሚያልፍ አልቃሾች አሉ፤ ልጁ ካልተነሳ ለጨዋታው በወጉ ደረት መትተን እናለቅስለታለን። ዝም የምንልበት ዕድል ከመቶ አስር ቢሆን ነው። በአስር መመካት ደግሞ፣ ክቡርነትዎ እንዳስተማሩን፣ ሰርከስ ነው።